ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ስሜን፦ ጫማውን ለቁልቁለቱ ምረጪው

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። 41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ድሮ ስሜን ተራሮችን በእግሬ ሁለቴ ሄጄባቸዋለሁ። የመጨረሻው ከ12 ዓመት በፊት ነበር። ከዚያ ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ወጌሻ አሽቶኛል። አሁን አያመኝም፤ ግን አልፎ አልፎ ይከዳኛል። ደረጃ ስወርድ ደግሞ ጉልበቴን ይሰማኛል። ጥቅምት መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ራስ ደጀን ለመውጣት አስበናል። ወንድሜ ለአዲስ ዓመት ከውጭ ይመጣልና "ጫማ ላምጣልሽ" ብሏል። የድሮው ቡትሴም ካርቶኑ ውስጥ እንደ አዲስ ነው። የትኛውን ላድርግ? ረጅም አንገት ያለው ይሻላል? ሰውነቴንስ እንዴት ላዘጋጅ?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ፣ ዶክተር አይደለሁም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሳምንቱን የሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳይ እውላለሁ። ዕረፍት ሲገኝ የስሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ነኝ። በዕድሜ እንቀራረባለንና እንደ እህት «አንቺ» ልበልሽ።

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ለመውጣት» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ችግሮችሽ ግን ሁለቱም የመውረድ ናቸው። የሚከዳ ቁርጭምጭሚት ሰውን የሚጥለው ቁልቁለት ላይ ነው። ደረጃ ስትወርጂ የሚሰማሽ ጉልበትም እዚያው ነው የሚብስበት። ዳገት ላይ ሲደክምሽ ትቆሚያለሽ፣ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ፣ ትቀጥያለሽ። ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን መያዝ ነው። ፍሬኑ የጭንሽ የፊት ጡንቻ ነው። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትሽን ይሸከማል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ያልለመደን ጡንቻ ክፉኛ ይጎዳል። ተራራው ላይ ደህና የነበረ ሰው በሁለተኛው ቀን ሽንት ቤት ለመቀመጥ ግድግዳ የሚይዘው ለዚህ ነው።

የራስ ደጀንን መንገድ አስታውሺ። ከጨነቅ ካምፕ፣ ከ3,600 ሜትር ገደማ፣ ተነስተሽ ወደ ቧሂት ተራራ ማለፊያ፣ 4,200 ሜትር አካባቢ፣ ትወጫለሽ። ከዚያ በዚያው ቀን እስከ መሸሃ ወንዝ ትወርጃለሽ። ወንዙ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ቀን 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ራስ ደጀንን ገና ሳትጀምሪ ነው። በማግስቱ ከአምቢቆ መንደር ወደ ራስ ደጀን ጫፍ 1,300 ሜትር ያህል ወጥተሽ ያንኑ ትወርጃለሽ። ወደ ጨነቅ ስትመለሺ ደግሞ ቧሂት እንደገና ይጠብቅሻል። ስለዚህ ጫማውንም ልምምዱንም የምንመርጠው ለቁልቁለቱ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ።

ያን ቡትስ እንዳታደርጊው። «እንደ አዲስ» መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ። የእኔን ልንገርሽ። አንድ የማውቀው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሩ ቡትስ ሰጥቶኝ ነበር። ስሳሳለት አራት ዓመት አስቀመጥኩት። አንድ ኅዳር አወጣሁት፣ ጠረግሁት፣ ቆዳው ያበራል። ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስሄድ፣ ወደ ጅንባር ወንዝ በምንወርድበት፣ ቀኝ እግሬ ስር የሆነ ነገር ላላ አለኝ። አንድ ሃምሳ እርምጃ ሄጄ ዞር ብል ሶሉ ከኋላዬ መንገዱ ላይ ተኝቷል። አንስቼ ሳየው ጎማው ደህና ነው። ከጎማውና ከቆዳው መካከል የነበረው ስፖንጅ ግን እንደ ድርቆሽ ተሰባብሯል። በጣቴ ስነካው ይረግፋል። በቅሎ ነጂው የጭነት ገመድ ቆርጦ አሰረልኝና እንደ ተጠቀለለ ዕቃ ሆኜ ግጭ ገባሁ። እስከ አሁን ይስቅብኛል።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። የብዙ ጠንካራ ቡትሶች መካከለኛ ንብርብር ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ፖሊዩሪቴን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ብትሄጂበትም ይፈርሳል፣ ካርቶን ውስጥ ብታስቀምጪውም ይፈርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ነው። ያንቺ ቢያንስ 12 ሆኖታል። ሊስትሮ ጋ ወስደሽ በማስቲሽ ላስለጥፈው ብትይም አይረዳም። ማስቲሹ ይይዛል፣ የሚይዘው ነገር ግን ራሱ ዱቄት ሆኗል። ካላመንሽኝ በአውራ ጣትሽ ጥፍር የሶሉን ጎን ጫን አድርጊው። ጉድጓዱ ሳይመለስ ከቀረ ወይም ስንጥቅ ካየሽ ተሰናበቺው።

ስለዚህ ወንድምሽ ያምጣ። ምን ዓይነት?

መካከለኛ አንገት፣ ማለትም ቁርጭምጭሚትሽን በትንሹ የሚሸፍን፣ ቀለል ያለ። አንድ እግሩ ከ500 እስከ 600 ግራም ቢሆን ይበቃል። እግር ላይ የተጨመረ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ያደክማል። ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ይኑረው። ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ጭቃው ይሞላውና ለስላሳ ጎማ ይሆናል። ተረከዙ ጋ ያለው ጥርስ ጠርዝ ያለው ይሁን፤ ስትወርጂ መሬቱን የሚነክስልሽ እሱ ነው። የስሜን መንገድ ብዙ ቦታ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ላዩ ላይ ልቅ ጠጠርና አቧራ። ልክ ሰሃን ላይ ሽምብራ በትነሽ እንደ መራመድ።

ጫማውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠምዝዘው። በቀላሉ ከተጠመዘዘ ይተወው። ከዚያ ይጠፈው። መታጠፍ ያለበት የእግር ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ ከታጠፈ የከተማ ጫማ ነው፣ ዋጋው የፈለገውን ይሁን።

ውሃ የማያስገባ ገበር፣ ጎርቴክስና መሰሎቹ፣ የግድ አይደለም። ጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ አብቅቷል። እንዲህ ያለ ጫማ ላብም ያፍናል። ውሃ ከላይ ከገባበት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። በሐምሌ ብትሄጂ ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ወንድምሽ ያለ ገበሩ ካጣ ያለውን ያምጣ፣ በዚህ አንጣላም።

ስለ ረጅም አንገት ቀጥታ ጠይቀሽኛል። ረጅም አንገት ድንጋይ ሲመታሽ ይከላከላል፣ ጠጠር እንዳይገባ ያደርጋል። ወለምታን ግን ብቻውን አያስቀርም። የሚያስቀረው ቁርጭምጭሚትሽን የሚይዘው ጡንቻና ፈጥኖ መልስ የሚሰጠው ነርቭ ነው። ቡትሱን አምነሽ ልምምዱን ከተውሽው እዚያው ነሽ። ወታደራዊ ከስክስም እንዳትገዢ። ብዙ ሰው «ጠንካራ ነው» ብሎ ይገዛዋል። ከባድ ነው፣ ያልለመደ እግር ይልጣል።

ልኩ ከዓይነቱ ይበልጣል። ከጫማ ቁጥር ጋር አትጨቃጨቂ፣ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እግርሽን እንለካ። ማታ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ከዋልሽ በኋላ። እግር እየዋለ ያብጣል፣ ተራራ ላይ ደግሞ የበለጠ። በተራራ የምታደርጊውን ወፍራም ካልሲ አድርጊ። ኤፎር ወረቀት መሬት ላይ ከግድግዳው ጋር አስጠጊ። ቁሚበት፣ ተረከዝሽ ግድግዳውን ይንካ። ቁጭ ብለሽ አይሆንም፤ ስትቆሚ እግር ይረዝማል፣ ይሰፋል። አንዱ ልጅሽ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ይሳልልሽ። እርሳሱን ወደ ውስጥ ካዘነበለው ልኩ ይበላሻል፤ ልጆች ደግሞ ማዘንበል ይወዳሉ። ሁለቱንም እግር ለኪ። ትልቁን ውሰጂ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ጻፊ፣ የሰፊውን ቦታ ስፋትም ጻፊ። ለወንድምሽ ቁጥሮቹን ላኪለት። ፎቶ ብቻ ከላክሽ መጠኑን አያውቀውም። ሱቁ ውስጥ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ ይለካው። ካንቺ እግር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር መርዘም አለበት።

ይህን ያህል የምነታረከው ስለ ጥፍርሽ ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ጫማ ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጣትሽ ጫፉን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመታ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይወልቃል። ጨነቅ ላይ ምሽት ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ዝም የሚሉ ሰዎችን አይቻለሁ።

ጫማው ሲደርስ ክሩን ሳታስሪ እግርሽን ወደ ፊት ግፊው። ከተረከዝሽ ኋላ አንድ ጣት ይግባ። ከዚያ እሰሪውና ቁልቁል ያለ ቦታ ፈልጊ። ጎንደር ውስጥ ይህ አይቸግርም፣ ከደጅሽ ያለው ኮብልስቶን ይበቃል። ወደ ታች ተራመጂ፣ እግርሽን ጠንከር አድርገሽ መሬቱን ምቺ። ጣትሽ ጫፉን ከነካ አጥሯል። ወደ ላይ ስትመለሺ ተረከዝሽ ከሶሉ ከተነሳ ሰፍቷል፣ ወይም ክሩ አልጠበቀም። ክሩን ከፊት ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ጋ ጠበቅ አድርጊው። ስትወርጂ ደግሞ ቆም ብለሽ እንደገና አጥብቂው። ብዙ ሰው ጠዋት ያሰረውን ክር ማታ ነው የሚፈታው።

የጥጥ ካልሲ ይቅርብሽ። ላቡን ይይዛል፣ እግርሽ ውሃ ይቋጥራል። ሱፍ ወይም የስፖርት ሰው ሠራሽ ይሁን። ወንድምሽ ሦስት ጥንድ ይጨምርበት፣ ከጫማው አንጻር ምንም አይደለም።

ወንድምሽ ካልመጣስ? ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ ጥሩ ይገኛል። እኔም ገዝቻለሁ። ግን በጥፍር ፈትኚው፣ ጠምዝዢው፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞ ባለቤቱ አረማመድ ተቀርጾበታል። ባንቺ ቁርጭምጭሚት ላይ የሌላ ሰው አረማመድ አትጨምሪ።

አሁን የምትዪውን አውቃለሁ። «የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች በኮንጎ ጫማ አይደለም እንዴ ቧሂትን የሚወጡት?» ልክ ነሽ። በኮንጎ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ጠመንጃ ይዘው፣ ካንቺም ከእኔም ፈጥነው ይወጣሉ። ግን ያ እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ገደል ላይ ከብት የጠበቀ እግር ነው። ጣቶቹ ተበታትነው መሬቱን ይይዛሉ፣ የውስጥ እግር ቆዳው ወፍራም ነው፣ የጭን ጡንቻው በየቀኑ ቁልቁለት ይወርዳል። የአንቺና የእኔ እግር ቢሮ ነው የዋለው። ከእነሱ መቅዳት ያለብን አረማመዱን ነው። እርምጃቸው አጭር ነው፣ ጉልበታቸው በትንሹ የታጠፈ ነው፣ ድንጋይ ላይ አይዘሉም። እኛ ነን በረጅሙ የምንራመደውና ጉልበታችንን ቀጥ አድርገን የምናሳርፈው። ጉልበትሽ ላይ የሚደርሰውን ምት የሚያበዛው ይህ ነው።

ሰውነትሽን ከዛሬ ጀምሪ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነን፣ ሦስት ወር ተኩል አለሽ። በቂ ነው፣ ከጀመርሽ።

ቁርጭምጭሚቱ፦ ወጌሻው ሕመሙን ሊያስታግስልሽ ይችላል። ግን ወለም ሲል የሚጎዳው ጅማቱ ብቻ አይደለም። ጅማቱ ውስጥ «እግሩ ዞረ፣ ያዘው!» ብለው መልእክት የሚልኩ ነርቮች አሉ። እነሱም ይደነዝዛሉ። «ይከዳኛል» ያልሽው እሱን ነው። የሚመለሰው በማሸት አይደለም፣ በማለማመድ ነው። ጥርስሽን ስትቦርሺ በአንድ እግር ቁሚ። 30 ሴኮንድ ሲቀልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪው። መጀመሪያ ትወድቂ ትመስያለሽ፣ ግድግዳው አጠገብሽ ይሁን። እሱም ሲቀልሽ የታጠፈ ጋቢ ላይ ቁሚ። ከዚህ ጋር በአንድ እግር በጣቶችሽ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ቀኙ 20 ከሠራና ግራው 11 ላይ ካቆመ ችግሩ የት እንዳለ አየሽው ማለት ነው። እስኪስተካከሉ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሥሪ።

ጉልበቱ፦ የደጃፍሽ ደረጃ ላይ ቁሚ። በአንድ እግር ቆመሽ የሌላውን ተረከዝ ወደ ታችኛው ደረጃ አውርጂ፣ ሦስት እስክትቆጥሪ ቀስ ብለሽ። ሲነካ ክብደትሽን ሳትጥዪበት ተመለሺ። የቆመው ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ተጠንቀቂ፤ ከሁለተኛው ጣትሽ ጋር ይሰለፍ። ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ይህቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ቁልቁለት ራሱ ናት፣ በደጃፍ የምትሠራ። ጉልበትሽን ካመመሽ ዝቅ ያለ ደረጃ ፈልጊ እንጂ አትተዪው።

ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ኮረብታ። ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ አለልሽ፣ ቁስቋምም አለልሽ። ሁለት ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ በቦርሳ ይዘሽ ውጪ። ጫፍ ላይ ስትደርሺ አፍስሺውና ባዶሽን ውረጂ። እንዲህ ልብሽና ሳንባሽ ሸክም ይለምዳሉ፣ ጉልበትሽ ግን ገና ሳይዘጋጅ አይጫንም። ውሃ በጀሪካን በምንጠብቅበት ከተማ ውሃ ማፍሰስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ችግኝ ፈልጊና አጠጪው። መስከረም ላይ፣ አዲሱ ጫማ እግርሽ ሲገባ፣ ውሃውን ይዘሽ መውረድ ትጀምሪያለሽ፣ በትንሹ። ጫማውንም በዚያው ትገሪዋለሽ። ስሜን ላይ የመጀመሪያ ቀኑ እንዳይሆን።

ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ጭንሽ ያምሻል። ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል። አትደንግጪ። ጡንቻ አንዴ ከተማረ ለሳምንታት ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ አንድ ቁልቁለት የምልሽ፣ የመጨረሻውም ከጉዞው ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ። ሁለቱም ጭን እኩል ካመመሽ የልምምድ ነው። ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ወይም አንድ ነጥብ ላይ ብቻ እየወጋ ሌሊት ከቀሰቀሰሽ ግን ይህን ጽሑፍ ተዪና በአካል ታዪ።

ፍልሰታን የምትጾሚ ከሆነ ኮረብታውን ከበላሽ በኋላ አድርጊው፣ ወይም የዚያን ሁለት ሳምንት በደጃፉ ልምምድ አሳልፊው። በባዶ ሆድ የዛለ እግር ቁልቁለት ላይ ወለም ይለዋል። ሽሮውንና ምስሩን አብዢ፣ ጡንቻ ከእሱ ነው የሚሠራው።

ምርኩዝ ያዢ። ሁለት ቢሆን ይሻላል፣ አንድ የእረኛ ዱላም ከምንም ይበልጣል። ከጉልበትሽ ላይ ሸክም ወደ ክንድሽ ይወስዳል። ስትወርጂ ዱላው ቀድሞሽ ይረፍ።

ስለ ከፍታው በአጭሩ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው ትሻያለሽ። ግን ከ3,000 በላይ የምትተኚበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ አትውጪ። ካልለቀቀሽ ውረጂ።

አንድ የማትወጂውን ነገር ልበልሽ። ለዘንድሮ ራስ ደጀንን ተዪው። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ሦስት ቀን። በሦስተኛው ምሽት ጉልበትሽ ካላበጠና ቁርጭምጭሚትሽ ካልከዳሽ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጨነቅ ቧሂትን ወጥተሽ ተመለሺ። 4,430 ሜትር ነው፣ የሚናቅ አይደለም። ደግሞ ከጨነቅ መኪና ስለሚገኝ እግርሽ እንቢ ቢል የምትመለሺበት አለሽ። መሸሃ ወንዝ ላይ እንቢ ካለሽ ግን በሁለቱም በኩል ዳገት ነው። ጓደኞችሽ ቢቆጡ ይቆጡ። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ ያሉ አስጎብኚዎችን ጠይቁ፣ ባለፈው ወር የሰማችሁትን አትመኑ።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጊ። እግርሽን አስለኪ። ከዚያ በአንድ እግር ቁሚ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ስልክሽ ሴኮንድ ይቁጠር። የግራውንና የቀኙን ቁጥር ጻፊልኝ፤ ከእሱ ተነስቼ የነሐሴን ልምምድ አወጣልሻለሁ።